ደብተሩን አያቃጥሉት

ባለፈው ወር ስለ ዕቁብ የጻፍኩትን አንብባችሁ የደወላችሁልኝን፣ ምግብ ቤት አግኝታችሁኝ «በርቺ» ያላችሁኝንም «ምነው አበዛሽው» ያላችሁኝንም ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ዛሬ ግን ስለ ገንዘብ አላወራም። ዛሬ የማወጋችሁ ስለ ዘጠኝ ደብተሮች ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከአንድ ወር በፊት፣ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ የማውቃቸው አንዲት ትልቅ ሴት ደወሉልኝ። ስማቸውን አልጠራም፣ አደራ ብለውኛል። ዕድሜያቸው ወደ ሰባ የተጠጋ፣ በሱዳን በኩል ወጥተው እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ አሜሪካ የገቡ፣ ከሃያ ዓመት በላይ በነርሲንግ ሆም የሌሊት ሽፍት ሠርተው አሁን ጡረታ የወጡ እናት ናቸው። ለቅሶ ቤት ስትሄዱ ወጥ ቤት ገብተው ሽንኩርት ሲከትፉ እንጂ ተቀምጠው የማይታዩ ዓይነት ሰው አሉ አይደል? እንደዚያ ናቸው። «ነይማ፣ ቡና አፈላለሁ፣ የማማክርሽ ነገር አለ» አሉኝ። ሄድኩ።

ከቤታቸው ዕቃ ግማሹ ካርቶን ውስጥ ገብቷል። አፓርትመንታቸውን ለቀው ልጃቸው ቤት ሊገቡ ነው። ቡናው ሁለተኛው ላይ ሲደርስ ተነሡና ከአልጋቸው ሥር አንድ አሮጌ ሻንጣ ጎትተው አወጡ። ከፈቱት። ዘጠኝ የተማሪ ደብተር። ጠርዙ የተበላ አለ፣ ቡና የፈሰሰበት አለ። ሁሉም ከዳር እስከ ዳር በአማርኛ ተጽፎበታል።

«ሌሊት ሽማግሌዎቹ ሲተኙ ቁጭ ብዬ እጽፍ ነበር» አሉኝ። «ሠላሳ ዓመት ሊሆነኝ ነው። ባሌ ሳያውቅ ሞተ። ልጄም አታውቅ። ካርቱም በሰው ቤት ስሠራ የሆንኩትም፣ ስለ ትዳሬም፣ ሁሉም እዚህ ውስጥ አለ። ልጄ አማርኛ ትሰማለች እንጂ ማንበብ አትችልም፣ ለእሷ አይጠቅማት። እኔ ብሞት ደግሞ ለቅሶ የመጣው ሰው ሁሉ ገመናዬን ሲያገላብጠው ይታየኛል። ላቃጥለው ነው ያሰብኩት። ግን እጄ እምቢ አለኝ። አንቺ ጋዜጣ ላይ ስለምትጽፊ ታውቂያለሽ ብዬ ነው የጠራሁሽ። እስቲ ንገሪኝ፣ ሴት ልጅ ምን ብላ ነው የምትጽፈው? ለማንስ ብላ ነው?»

እኔም አፌ ተያዘ። በየወሩ ይህን ዓምድ ስሞላ «ለምን ትጽፊያለሽ?» ብሎ የጠየቀኝ ሰው የለም፤ እኔም ራሴን ጠይቄ አላውቅም። «እትዬ፣ አንድ ሳምንት ይስጡኝ፤ እስከዚያ ክብሪት እንዳይነኩ» ብያቸው ወጣሁ። የዛሬው ጽሑፍ በሳምንቱ ተመልሼ ያቀረብኩላቸው መልስ ነው። ከእሳቸው ሌላ ተመሳሳይ ሻንጣ ከአልጋዋ ሥር ያላት ሴት በመካከላችን እንደማትጠፋ ስለማምን ለእናንተም አወጣሁት። ፈቅደውልኛል።

በመጀመሪያው ጥያቄ ልጀምር። ሴት ልጅ ምን ብላ ትጽፋለች? ባገራችን ሴት ቃል አጥታ አታውቅም። ሙሾ የሚያወርደው ማን ነው? ወፍጮ ላይ ተደፍታ የልቧን የምታንጎራጉረው፣ ልጅ ስታባብል ግጥም ከሆዷ የምታወጣው ማን ናት? ሴቷ ያጣችው ብራናውንና ብዕሩን ነው። የቄስ ትምህርት ቤት በአብዛኛው የወንድ ልጅ ነበር። እርግጥ ነው፣ ዓይነ ስውር ሆነው በጎጃም ቅኔ ያስተማሩትን እማሆይ ገላነሽ ሐዲስን የመሳሰሉ ነበሩ፤ ግን ስንት ናቸው? የወንዱ ቅኔ በስሙ እየተጠራ ከተማሪ ወደ ተማሪ ሲሻገር፣ የሴቷ ሙሾ ከቀብር መልስ እዚያው ከአፈሩ ጋር ይቀር ነበር።

ይህን ግድግዳ ቀድመው ከገፉት አንዷ ወ/ሮ ስንዱ ገብሩ ናቸው። የከንቲባ ገብሩ ደስታ ልጅ፣ በስዊዘርላንድ የተማሩ፣ በፋሺስት ወረራ ዘመን ተይዘው ጣልያን አገር አዚናራ ወደምትባለው ደሴት የተጋዙ ሴት ናቸው። ከነጻነት በኋላ የእቴጌ መነን ትምህርት ቤት ኃላፊ ሆኑ። ለተማሪዎቻቸውም ግጥምና ቴአትር እየጻፉ ልጃገረዶቹን መድረክ ላይ አወጧቸው። በ1942 ዓ.ም. መጽሐፋቸውን ሲያሳትሙ ስሙን «የልቤ መጽሐፍ» አሉት። እ.ኤ.አ. በ1957 ደግሞ ለፓርላማ ተመርጠው የመጀመሪያዋ ሴት የሕዝብ እንደራሴ ሆኑ። እንግዲህ ልብ በሉልኝ፤ እስር ያየች፣ ትምህርት ቤት የምትመራ ሴት «ልቤ» ብላ መጽሐፍ ስታወጣ ጊዜ ተርፏት አይደለም። እንደሚመስለኝ ለሴት ልጆች በአፋቸው የሚሞላ ቃል ፈልጋ ብታጣ ራሷ አዘጋጀችላቸው። አንደኛው ምክንያት ይኸው ነው። ሴት የምትጽፈው የምትፈልገው ቃል ተጽፎ ስላላገኘችው ነው።

ይህንኑ ነገር ከዚህ ከእኛው ሠፈር አጠገብ የነበረች ሌላ ሴት ተናግራዋለች። ዋሽንግተን ዲ.ሲ. ያላችሁ፣ ዩ ስትሪት አካባቢ እንጀራ ለመብላት ስትሄዱ ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ በእግር የሚደረስ ነው። ቶኒ ሞሪሰን እ.ኤ.አ. በ1953 ከዚያ ተመረቀች፤ ከ1957 እስከ 1964 ተመልሳ አስተማረችበት። እዚያ ሳለች ጽሑፋቸውን እያመጡ ከሚነባበቡ ሰዎች ማኅበር ገባች። ባዶ እጅ መሄድ አይቻልምና አንድ ቀን አጭር ታሪክ ጽፋ ይዛ ሄደች፤ ሰማያዊ ዓይን እንዲኖራት ስለምትመኝ ጥቁር ልጅ የሚናገር ነበር። ከዚያ ትዳሯ ፈረሰ፤ ሁለት ወንዶች ልጆች ይዛ ቀረች፤ በመጽሐፍ አሳታሚ ድርጅት ውስጥ ተቀጥራ የሌሎች ሰዎችን መጻሕፍት ስታርም ትውል ጀመር። ያችን አጭር ታሪክ ግን አልጣለቻትም። በትርፍ ሰዓቷ እየጨመረች፣ እያሰፋች፣ በ1970 የመጀመሪያ መጽሐፏ አድርጋ አወጣቻት። ያን ጊዜ ዕድሜዋ ሠላሳ ዘጠኝ ነበር። ለምን እንደጻፈችው ስትጠየቅ፣ ማንበብ የምትፈልገው መጽሐፍ እሱ ስለነበረና ማንም ስላልጻፈው እንደሆነ ትናገር ነበር። በ1993 የኖቤል ሽልማት ተቀበለች። በ2019 እስክታርፍ ድረስ አላቆመችም።

እንዴት ትጽፍ ነበር? ይህ ለእኛ ትምህርት ስለሆነ ላብራራው። ልጆቹ ትንንሾች ሳሉ «እማዬ» ከማለታቸው በፊት ያለችው ሰዓት ብቻ ነበረች የእሷ። ስለዚህ ጎሕ ሳይቀድ መነሣት ለመደች። ልጆቹ ካደጉም በኋላ ልማዱ አልለቀቃትም። በጨለማ ተነሥታ ቡና ታፈላለች፤ ቡናዋን እየጠጣች ብርሃኑ ሲመጣ ታያለች፤ ከዚያ ቢጫ ወረቀትና እርሳስ ይዛ ትቀመጣለች። እኔ ይህን ባነበብኩ ጊዜ «ቡና አፍልቶ ብርሃን መጠበቅማ የእናቴ ሥራ ነው» አልኩ። እናቴ የጎደላት ወረቀቱና እርሳሱ ነበር።

እንግሊዛዊቷ ደራሲ ቨርጂኒያ ዉልፍ እ.ኤ.አ. በ1929 ባሳተመችው ታዋቂ መጽሐፏ፣ ሴት ልብ ወለድ እንድትጽፍ ከተፈለገ ገንዘብና የራሷ ክፍል ሊኖራት ይገባል ብላለች። ገንዘቡንም በዓመት አምስት መቶ ፓውንድ ብላ ቆርጣዋለች። እውነቷን ነው። የሚቆለፍ በርና የማይቸግር ኑሮ ቢኖርማ ማን ይጠላል? ነገር ግን አምስት መቶ ፓውንዱንም ክፍሉንም ያላገኙት ምን ያድርጉ? ሁለት ሥራ የምትሠራ፣ ከመኪና ማቆሚያ ኪዮስክ ወጥታ ወደ ሆቴል ጽዳት የምትሮጥ ሴትስ?

ለዚህ መልሱ ያለው ቡቺ ኢሜቼታ ዘንድ ነው። ናይጄሪያዊት ናት፤ እ.ኤ.አ. በ1944 ሌጎስ ተወለደች። አባቷ ገና ልጅ ሳለች ሞቱባት፤ በአሥራ ስድስት ዓመቷ አገባች፤ በ1962 ባሏን ተከትላ ለንደን ገባች። ከዚያ በኋላ ያለውን ሳልነግራችሁ ታውቁታላችሁ። ብርዱ፣ «ለጥቁር አናከራይም» የሚሉት ባለቤቶች፣ ጠባቧ ክፍል፣ በላይ በላዩ የሚወለደው ልጅ። ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ተቀጥራ ትሠራ ነበር። በዚህ ሁሉ መሐል አንድ ልብ ወለድ ጻፈች። ባሏ ያንን የእጅ ጽሑፍ ወስዶ አቃጠለው።

እዚህ ላይ ስደርስ እትዬ ቡናቸውን አስቀመጡ። «አቃጠለው?» አሉኝ። አዎ፣ አቃጠለው። ሌላ ቅጂ አልነበራትም።

ቡቺ በሃያ ሁለት ዓመቷ አራት ልጆች አስከትላ፣ አምስተኛውን አርግዛ ጥላው ወጣች። መንግሥት ለድሆች በሚያከራየው ቤት ገባች፤ ድጎማ ተቀበለች፤ እንደገና ተማሪ ሆና በሶሲዮሎጂ ተመረቀች። ልጆቹ ሳይነሡ በማለዳ ትጽፍ ነበር። ስለዚያ ስለ ችግረኞች ሠፈር ኑሮ የጻፈችውን «ኒው ስቴትስማን» የተባለው መጽሔት እንደዚህ እንደኔ ባለ ዓምድ መልክ አወጣላት፤ በ1972 ያው ተሰብስቦ የመጀመሪያ መጽሐፏ ሆነ። በ1974 ሁለተኛውን አወጣች። በ1976 ደግሞ ያ የተቃጠለው መጽሐፍ «ዘ ብራይድ ፕራይስ» ተብሎ ታተመ። አመዱን ማን መለሰላት? ማንም። ከመጀመሪያው ገጽ ተነሥታ እንደገና ጻፈችው። በ2017 ስታርፍ ወደ ሃያ የሚጠጉ መጻሕፍት ትታ ነው። ከመጻሕፍቷ አንዱን ለአምስት ልጆቿ መታሰቢያ ስታደርግ ጫጫታቸውን ያመሰገነችው ነገር እኔን ሁልጊዜ ያስቀኛል። የራሷ ክፍል ያልነበራት ሴት ጫጫታውን ክፍሏ አደረገችው ማለት ነው።

ለመሆኑ ይህቺ ሴት ተረት መናገርን ከየት ተማረች? ከዩኒቨርሲቲ አይደለም። ልጅ ሳለች ክረምቱን ወደ ወላጆቿ አገር ስትሄድ፣ አክስቷ በጨረቃ ብርሃን ልጆቹን ሰብስበው የዘር ማንዘራቸውን ታሪክ ያወሩ ነበር። እሷም እንደሳቸው ተራኪ ልሁን ብላ ተመኘች። እንግዲህ የእኛስ አያቶች ምድጃ ዳር ያወሩልን ከዚህ በምን ያንሳል?

ብዕርም ወረቀትም ካልተገኘስ? ግብፃዊቷ ሐኪምና ደራሲ ነዋል ኤል ሰዓዳዊ እ.ኤ.አ. በ1981 በሳዳት ዘመን ታስራ ነበር። በእስር ቤቱ ወረቀትና እስክሪብቶ ክልክል ነበር። በሽንት ቤት ወረቀት ላይ፣ በቅንድብ መኳያ እርሳስ ጻፈች። ከወጣች በኋላ የእስር ቤት ማስታወሻዋ መጽሐፍ ሆነ። ይህን ስሰማ «ጊዜ የለኝም» ማለት ትንሽ ያሳፍረኛል።

አሁን ወደ ከባዱ ነገር ልምጣ፤ ገመና ወደሚባለው። እኛ ዘንድ የቤትን ጉድ አደባባይ ማውጣት ነውር ነው። «ገበናን ሸሽጎ መኖር» ስንባል ነው ያደግነው። ይህን የሚንቅ ሰው እኔ አይደለሁም። ብዙ ቤት ያቆመው ያ መሸሸግ ነው። ግን ደግሞ እንነጋገር ከተባለ፣ ስንት ሴት የተሸከመችውን ሳትናገር መቃብር ወርዳለች? ከባሏ ዱላ የተረፈች፣ በስደት መንገድ ላይ የማይወራ ነገር የደረሰባት፣ በአረብ አገር ቤት ተቆልፎባት የኖረች፣ «ምን ይሉኛል» እያለች ዝም ያለች? የእሷ ዝምታ ለቀጣይዋ ልጅ ምን አስተማረ?

ደራሲዎቹ ለዚህ ዘዴ አላቸው። ቡቺ ኢሜቼታ ያ ሁሉ የደረሰባትን በ1974ቱ መጽሐፏ ስትጽፍ «እኔ» አላለችም፤ አዳ የምትባል ሴት ፈጠረችና ሸክሙን ለእሷ ሰጠቻት። ቶኒ ሞሪሰንም እንዲሁ። አንድ የታሪክ ሰነድ መጽሐፍ ስታዘጋጅ ስለ ማርጋሬት ጋርነር የሚያወራ የድሮ የጋዜጣ ቁራጭ አገኘች፤ በ1856 ከኬንታኪ ወደ ኦሃዮ ከባርነት ያመለጠች፣ ሊይዟት ሲመጡ ልጇ ባሪያ ሆና እንዳትመለስ በገዛ እጇ የገደለቻት እናት ናት። ሞሪሰን ያችን ሴት እንዳለች አልገለበጠቻትም፤ ከልቧ ሌላ ሴት፣ ሌላ ቤት ፈጠረችና በ1987 «ቢላቭድ»ን አወጣች፤ በማግሥቱ ዓመት የፑሊትዘር ሽልማት አገኘበት። እንግዲህ ልብ ወለድ ማለት ውሸት ማለት አይደለም። እውነቱ ሳይጎዳ፣ ባለቤቱም ሳይራቆት አደባባይ የሚወጣበት ነጠላ ነው።

የሁለተኛው ጥያቄ ነገር ደግሞ አለ። ለማን ብላ? ልጄ አማርኛ አታነብም አሉ አይደል? እዚህ ላይ ሁለት የአገራችንን ልጆች ላንሣ፤ ሁለቱም የሚጽፉት በእንግሊዝኛ ነው።

አንደኛዋ አይዳ እደማርያም ናት። እ.ኤ.አ. በ2018 ስለ ጎንደሬዋ አያቷ አንድ መጽሐፍ አወጣች፤ በ2019 የኦንዳቼ ሽልማት ተሸለመችበት። አያቷ ገና በስምንት ዓመታቸው ለካህን የተዳሩ፣ የጣልያንን ወረራ፣ የንጉሡን ዘመን፣ አብዮቱን ያዩ፣ ሌላ ጊዜ ቢሆን ስማቸው በየትም መዝገብ የማይገባ ሴት ናቸው። ልጅቷ ለዓመታት እየተመላለሰች ያወሩትን በአማርኛ አዳምጣ፣ ቀድታ፣ ከዚያ በእንግሊዝኛ ጻፈችው። መጽሐፉንም በአገራችን ወራት ስም ከፋፈለችው። ልብ በሉ፤ አያቲቱ ተናገሩ እንጂ አልጻፉም። ጸሐፊዋ ሁለት ትውልድ ዘግይታ መጣች። ያወሩት ባይኖር ግን ምን ትጽፍ ነበር?

ሁለተኛዋ መዓዛ መንግሥቴ ናት። እ.ኤ.አ. በ1971 አዲስ አበባ ተወልዳ፣ በአብዮቱ ጊዜ በአራት ዓመቷ ከአገር የወጣች። በ2019 ያወጣችው «ዘ ሻዶው ኪንግ» በጣልያን ጦርነት ስለዘመቱ ሴቶች ነው፤ በ2020 ለቡከር ሽልማት ለመጨረሻው ዙር ከቀረቡት ስድስት መጻሕፍት አንዱ ሆነ። ስለ አሠራሯ ሁለት ነገር ልንገራችሁ። አንደኛ፣ መጀመሪያ የጻፈችውን ሙሉ ረቂቅ፣ የዓመታት ድካሟን፣ አልጣመኝም ብላ ጣለችው። እንደገና ጀመረች። የጣልያን ወታደሮች ያነሷቸውን አሮጌ ፎቶግራፎች እየሰበሰበች የሴቶቹን ፊት ትመረምር ነበር። ሁለተኛው ግን ይበልጣል። ስለ ዘማች ሴቶች ስንት ዓመት መዝገብ ስታገላብጥ ከርማ፣ አንድ ቀን እናቷ የገዛ ቅድመ አያቷ ዘማች እንደነበሩ ነገሯት! ቅድመ አያቲቱ የቤቱ ታላቅ ልጅ ነበሩ። አባታቸው ጠመንጃውን ለባላቸው ሲሰጡባቸው በዳኛ ፊት ከሰሷቸው፤ ተፈረደላቸውና ጠመንጃቸውን ይዘው ዘመቱ። ልጅቷም «ለምን እስከ ዛሬ አልነገርሽኝም?» ብትል፣ አልጠየቅሽኝማ ሆነ የእናትየው መልስ።

እንግዲህ ይህን ነገር ደጋግሜ አሰብኩት። ታሪኩ ቤት ውስጥ ነበረ። ልጅ አልጠየቀችም፤ እናት አልተናገረችም። ለጥቂት ነው ያመለጠው። በስንቶቻችን ቤት አምልጧል?

በእኔ ቤት አምልጧል። ይህን ለእትዬ ከተናገርኩ በኋላ ለእናንተ አልደብቅም። በ1990ዎቹ መጀመሪያ እዚህ አገር እንደመጣሁ፣ ስልክ ውድ በነበረበት ዘመን፣ እናቴ በሰው እጅ የካሴት መልእክት ትልክልኝ ነበር። እናቴ መጻፍ አትችልም ነበርና ካሴቱ ደብዳቤዋ ነበር። የጎረቤቱን፣ የገበያውን፣ ስለ ልጅነቷ፣ ስለ አባቷ ሞት፣ አንዳንዴም እያንጎራጎረች ሙሉ ስልሳ ደቂቃ ትሞላዋለች። እኔ ምን አደረግሁ? አንድ ቅዳሜ ለጓደኛዬ የልደት ግብዣ ባዶ ካሴት ባጣ፣ አንዱን አወጣሁና ዘፈን ቀዳሁበት። ከዚያም ሌላውን። «ሌላ ትልክልኛለች» ብዬ። እናቴ ካረፈች አሥራ አንድ ዓመት ሆናት። አንድ ካሴት ብቻ ተርፎኛል፤ እሱም ዘፈኑ ሊያልቅ ሲል ጫፉ ላይ አንድ ደቂቃ ያህል ድምፅዋ ቀርቷል። «በል እንግዲህ፣ ልጄን ሰላም በላት» ትላለች፣ ለሚቀዳው ልጅ ይመስለኛል። እኔ ክብሪት አልጫርኩም። ግን ያው ነው፣ አቃጥያለሁ።

እትዬ ዝም ብለው ሰሙኝ። ከዚያ ከደብተሮቹ አንዱን አነሡና አንዲት ገጽ ብቻ እንዳነብ ፈቀዱልኝ። ነርሲንግ ሆም ስለነበሩ አንዲት አሜሪካዊት አሮጊት የጻፉት ነው። አሮጊቷ አእምሯቸው ደክሞ እትዬን በሞተች እህታቸው ስም ይጠሯቸው ነበር። ሌሎቹ ሠራተኞች እያረሟቸው ያስለቅሷቸዋል። እትዬ ግን አንድ ሌሊት «አቤት» አሉ። እስኪነጋ እጃቸውን ይዘው እህት ሆነው አደሩ። ጠዋት አውቶቡስ ላይ ተቀምጠው፣ አገር ቤት የቀረችው የገዛ እህታቸው ስትታመም እጇን የያዘላት ሰው ይኖር ይሆን ብለው ሲያለቅሱ፣ ሾፌሩ መሐረብ ሰጣቸው። ገጹ በዚህ ያልቃል። እኔ ይህን ያህል ዓመት ዓምድ ስጽፍ እንዲህ ያለ ገጽ አልጻፍኩም።

«እትዬ» አልኳቸው፣ «ሴት ልጅ ምን ብላ ነው የምትጽፈው ብለውኝ ነበር። ይኸው ይህን ብላ ነው።»

ከዚያ ስለ ተግባሩ ተነጋገርን። የተባባልነውን ለሌሎቻችሁም ይጠቅም እንደሆነ ልንገራችሁ።

አንደኛ፣ ያለቀውን ማንበብ ለማይችል ልጅ መላ አለው። ጮክ ብሎ ማንበብ ነው። ልጃቸው አማርኛ ትሰማለች። እሑድ ከቡና በኋላ ሁለት ሦስት ገጽ ያነቡላታል፤ በእጅ ስልክ ይቀዱታል። ዛሬ ካሴት አያልቅም፤ በላዩም ዘፈን የሚቀዳበት የለም።

ሁለተኛ፣ የማይነበብ ገጽ ቢኖር የማይነበብ ይሁን። በክር አስሮ «ከሞትኩ በኋላ» ብሎ መጻፍ ይቻላል፤ ስም መለወጥም ይቻላል። ማቃጠል ግን መመለሻ የለውም። እንደ ቡቺ ኢሜቼታ ከመጀመሪያው ገጽ እንደገና መጻፍ ለወጣት ሴት እንጂ ለሰባ ዓመት ሰው ይከብዳል።

ሦስተኛ፣ አሁን ልትጀምር የምትፈልግ ሴት ካለች ክፍልም፣ ገንዘብም፣ «አንቺ ማን ሆነሽ ነው» የሚላት ሰው እስኪጠፋም አትጠብቅ። የራሷ የሆነች አንዲት ሰዓት ትፈልግ፤ ጎሕ ሲቀድም ይሁን፣ ባቡር ውስጥም ይሁን፣ ሌሊት ሽፍት ላይም ይሁን። ቀኑንና ቦታውን ከላይ ትጻፍ። መጀመሪያ የጻፈችው ባይጥማት አትደንግጥ፤ ትልልቆቹም ጥለው ነው የጀመሩት።

ለወንዶች አንባብያኖቼም አንድ ቃል አለኝ። ሚስታችሁ ወይም እናታችሁ በሌሊት መብራት አብርታ ስትጽፍ ብታዩ «ምንድን ነው?» ብላችሁ ደብተሩን አትንጠቁ። ሻይ አፍሉላትና ተኙ።

እትዬ በመጨረሻ ሻንጣውን ዘጉ። «አፓርትመንቱን እስክለቅና እስክደላደል አንቺ ጋ ይቀመጥልኝ። እንዳታነቢው» አሉኝ። አላነበውም፤ በዚህ ጋዜጣ ፊት ቃሌን ሰጥቻለሁ። ወደ መኪናዬ ይዤው ስወጣ ሻንጣው ቀለል አለኝና ከፍቼ ቆጠርኩ። ስምንት ደብተር ነው። ተመልሼ አንኳኳሁ። «እትዬ፣ አንዱ ጎድሏል» አልኩ፣ ደንግጬ።

«ዘጠነኛው እኔ ጋ ነው» አሉኝ በሩን ገርበብ አድርገው። «ገና ባዶ ገጽ አለው።»

የዛሬው በዚህ ይብቃኝ። ቸር ይግጠመን፣ ወር ሰው ይበለን።